ዳኛ ሳይሰማ የሚያልቁ ጉዳዮች፦ ጅማ ላይ ስለ ሐራጅ፣ ቅነሳና ውህደት የሚነገሩ የተሳሳቱ ነገሮች

ጅማ ውስጥ የቡና ገንዘብ ሲንቀሳቀስ ብድርም አብሮ ይንቀሳቀሳል። መከሩ ሳይደርስ ከባንክ ይወሰዳል፣ ቡናው ሲሸጥ ይመለሳል። ዋጋ የወረደ ዓመት ግን ወሬው ይቀየራል። ሄርማታ መርካቶ ሻይ ቤት የተቀመጠ ሰው በአንድ ጠዋት የሕግ ትምህርት በነጻ ያገኛል። ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ቤት ያስወስዳል።

ስህተቱ የሚበዛው ፍርድ ቤት የማይገባባቸው ነገሮች ላይ ነው። ባንክ ራሱ የሚያወጣው ሐራጅ፣ ሽማግሌ የሚይዘው የሽርክና ጠብ፣ በአንድ ደብዳቤ የሚያልቅ የሠራተኛ ቅነሳ። ዳኛ ባይኖርም ሁሉም ሕግ አላቸው፣ ቀነ ገደብም አላቸው። ደጋግመው የሚነገሩትን ልያዝ።

«ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ባንክ ቤቴን ሊሸጥ አይችልም»

ይችላል። አባባሉ ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ ድሮ ልክ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አበዳሪው ሕጋዊውን ሥርዓት ሳይከተል መያዣውን እንዲሸጥ የሚፈቅድ ስምምነት ዋጋ የለውም ይላል። በ1990 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ግን ለባንኮች ለየት ያለ መንገድ ከፈተ። ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለ፣ ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ ሸጦ ስሙን ለገዢው ማዛወር ይችላል።

ብዙ ሰው የሚስተው ይህ ሥልጣን ከየት እንደሚመጣ ነው። አዋጁ የሚለው ባንኩና ተበዳሪው እንዲህ ብለው ከተስማሙ ስምምነቱ ይጸናል ነው። ስለዚህ ፈቃዱን የሰጠው ፈራሚው ራሱ ነው። ብድር ጸድቆ ገንዘቡ ሊለቀቅ ሲል የሚቀርበውን ወረቀት ደግሞ ማን ያነባል? እስክሪብቶው ይመጣል፣ «እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ» ይባላል፣ አለቀ።

ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን የሐራጅ ሠንጠረዥ አንድ ቀን ረጋ ብላችሁ እዩት። የተበዳሪ ስም፣ የአስያዥ ስም፣ ንብረቱ ያለበት ከተማና ቀበሌ፣ የካርታ ቁጥር፣ የቦታው ስፋት በካሬ ሜትር፣ የሐራጅ መነሻ ዋጋ፣ ቀንና ሰዓት። ከሥሩ ተጫራቾች የመነሻውን ዋጋ አንድ አራተኛ በሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ፣ ይዘው እንዲቀርቡ የሚያሳስብ ጽሑፍ አለ። ተበዳሪና አስያዥ በሚሉት ዓምዶች ሥር ሁለት የተለያዩ ስሞች ካያችሁ፣ አንድ ሰው ባልበላው ገንዘብ ቤቱ ሊሸጥ ነው ማለት ነው። አባት ለልጁ፣ ወንድም ለወንድሙ ካርታውን አውጥቶ ሰጥቷል። ማስጠንቀቂያውም ሲመጣ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚሰማው እሱ ነው።

እኛ ጋ የሚያጽናና ሌላ ወሬም አለ። «ማን ደፍሮ የጎረቤቱን ቤት ይጫረታል? ይሉኝታ አለ።» ይሉኝታው እውነት ነው፣ ግን አያድንም። በመጀመሪያው ሐራጅ ገዢ ካልተገኘ ሁለተኛ ይወጣል። በሁለተኛውም ካልተገኘ ባንኩ ለመጀመሪያው ሐራጅ በወጣው ግምት ንብረቱን ራሱ ሊረከበው ይችላል። ተጫራችም ከሌላ ከተማ ይመጣል፣ እሱ ጎረቤት አይደለም።

«እንግዲያው ፍርድ ቤት ሄጄ አሳግዳለሁ» የሚለውም ተስፋ ብዙ አያስተማምንም። አዋጁ በግልጽ ያስቀመጠው መፍትሔ ካሳ ነው። ባንኩ የሐራጁን ሥርዓት ጥሶ ጉዳት ካደረሰ ተጠያቂ ይሆናል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው የደረሰበትን ቀን ጻፉት፣ ፖስታውን አትጣሉ፣ ግምቱ በስንት እንደወጣ ጠይቁ። ከሁሉ የሚሻለው ግን እነዚያን 30 ቀናት መጠቀም ነው። ቤት መነገድ የባንክ ሥራ አይደለም፣ ብሩን ነው የሚፈልገው። የብድር ማራዘሚያ የሚጠይቅ ሰው ማመልከቻውን በጽሑፍ አስገብቶ መቀበላቸውን የሚያሳይ የገቢ ማኅተም ያስመታ። ሥራ አስኪያጁ በቃል «ችግር የለም» ቢል እሱ ነገ ሊዛወር ይችላል።

ሒሳቡም እንዲህ ነው። ቤቱ ከዕዳው በላይ ከተሸጠ ትርፉ ለባለቤቱ ይመለሳል። ካነሰ ደግሞ ቀሪው ዕዳ ተበዳሪው ላይ ይቆያል። «ቤቱን ወሰዱት፣ ተቋጨ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

«ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር ነው፣ የግል ንብረቴን አይነካም»

ሕጉ ላይ ልክ ነው። የኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አባል የሚጠየቀው ባዋጣው ልክ ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ዓይነት ማኅበር እንዲያቋቁም ጭምር ፈቅዷል።

ችግሩ ባንክም ይህን ያውቃል። ለማኅበሩ ሲያበድር የባለድርሻውን ቤት መያዣ ይጠይቃል፣ ወይም ባለድርሻውን ዋስ አድርጎ ያስፈርማል። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ዋስትና የፈረመ ሰው ከማኅበሩ እኩል ይጠየቃል። ዋስትናው ላይ አንድ ነገር ግን ተመልከቱ። ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ካልተጻፈ ዋስትናው በሕግ ፊት አይጸናም። ቁጥሩ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ሆኖ «በኋላ እንሞላዋለን» ከተባላችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡ።

«የሽርክና ጠብ በሽማግሌ ከተያዘ ምን ቀረ?»

ጅማ ላይ ሽማግሌ ክቡር ነው፣ መሆንም አለበት። የእሸት ቡና መፈልፈያ በጋራ የከፈቱ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ፍርድ ቤት ከመመላለስ ጃርሳ (የአገር ሽማግሌ) ፊት ቢቀመጡ ይሻላቸዋል። ትርፍ ማን ስንት ይወስዳል፣ ማን ለማን መቼ ይከፍላል፣ ይህን ሽማግሌ ይጨርሰዋል። በጽሑፍ ከተፈረመም ይጸናል።

ሁሉንም ግን አይጨርስም። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 በግልግል ዳኝነት የማይታዩ ጉዳዮችን ዘርዝሯል። የኪሳራ ፍርድ አንዱ ነው። የንግድ ማኅበር መፍረስ ሌላው ነው። የግብርና የመሬት ጉዳይም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ። ስለዚህ «ሽማግሌዎቹ ማኅበሩን አፍርሰውልናል» የሚል ሰው ማኅበሩ አሁንም ቆሞለታል።

ድርሻ ሲተላለፍም ወጥመድ አለ። «ድርሻህን ለእሱ ልቀቅ» ተብሎ ተስማምተው፣ ቡና ተጠጥቶ፣ ተመራርቀው ይለያያሉ። ሰነዱ ግን አልተረጋገጠም፣ ንግድ መዝገቡም ላይ አልተለወጠም። የወጣው ሰው ከዓመታት በኋላ የግብር ደብዳቤ በስሙ ሲመጣለት ይደነግጣል። የሽማግሌዎቹ ወረቀት በተፈረመ ሳምንት ሰነዶች ማረጋገጫ ሂዱ፣ ከዚያ ንግድ ጽሕፈት ቤት።

«ድርጅቱ ሲሸጥ ወይም ሲዋሃድ ሠራተኛው ከዜሮ ይጀምራል»

ይህኛው ያበሳጨኛል፣ ምክንያቱም ገንዘቡን የሚያጣው ድሃው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ድርጅት ቢቀላቀል፣ ቢከፈል ወይም ባለቤትነቱ ወደ ሌላ ቢዛወር የሥራ ውሉ አይለወጥም ይላል። ሆቴል ይሁን፣ ቡና ማበጠሪያ ይሁን፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ያለ ፋብሪካ ይሁን፣ ያው ነው።

በተግባር የሚሆነው ግን ሌላ ነው። አዲሱ ባለቤት ይመጣል፣ ሁሉንም ይሰበስባል፣ «ማንም አይባረርም፣ ይህቺን ብቻ ፈርሙ» ይላል። ወረቀቱ «ከዛሬ ጀምሮ ተቀጥሬአለሁ» ይላል። ሠራተኛው ሥራው ስለተረፈለት ደስ ብሎት ይፈርማል።

ልዩነቱን በብር እንየው። ደመወዟ 6,000 ብር የሆነ፣ 8 ዓመት የሠራች የሆቴል ሠራተኛ በቅነሳ ወጣች እንበል። ለስሌት እንዲመች የቀን ደመወዟን 200 ብር እናድርገው። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ነው፣ 6,000 ብር። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመራል። ሰባት ጊዜ 2,000፣ 14,000 ብር። በቅነሳ ስለወጣች የ60 ቀን ተጨማሪ አላት፣ 12,000። ድምሩ 32,000 ብር ነው። ያቺን ወረቀት ፈርማ አገልግሎቷ አንድ ዓመት ብቻ ነው ቢባል 18,000 ብር ይደርሳታል። አንድ ፊርማ 14,000 ብር በላች። የቆየውን የቅጥር ደብዳቤና የደመወዝ ደረሰኝ ያላስቀመጠ ሠራተኛ ደግሞ ስንት ዓመት እንደሠራ ለማስረዳት ይቸገራል።

«ቅነሳ ከተባለ አለቃ የፈለገውን ያሰናብታል»

አያሰናብትም። ሕጉ «ቅነሳ» የሚለው ቢያንስ 10 በመቶ የሚሆን ሠራተኛ ሲወጣ ነው። ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ቢያንስ 5 ሰው መሆን አለበት። አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከተወካዮቹ ጋር ይመክራል፣ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የተሻለ ችሎታና ምርታማነት ያላቸው ይቆያሉ። እኩል ከሆኑ ደግሞ አካል ጉዳተኞች፣ በሥራ ላይ የተጎዱ፣ ነፍሰ ጡሮችና በቅርቡ የወለዱ ቅድሚያ ያገኛሉ። ከአለቃው ጋር የተጨቃጨቀ አንድ ሰው ብቻ መርጦ «ሪፎርም ላይ ነን» ብሎ ማስወጣት በዚህ ስም አይጠራም።

ያለአግባብ ወጣሁ፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ሰው ክሱን በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚወድቀው በደግነቱ ነው። «ሽማግሌ ልኬበታለሁ፣ ከበዓል በኋላ ይጨርስልኛል ብሏል» ይላል። በቃል የሚደረግ ሽምግልና ቀኑን አያቆመውም። የሚያቆመው ጉዳዩን ለሚመለከተው የሥራ ክርክር አካል ማቅረብ፣ ወይም አሠሪው መብቱን በጽሑፍ ማመኑ ነው። ሽምግልናው ይቀጥል፣ አመልክቶ መሸምገል ይቻላል።

«መሥሪያ ቤታችን መዋቅር ቀየረ፣ በሠራተኛ ሕጉ እከሳለሁ»

የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ አይችሉም። አዋጅ 1156 እናንተን አይመለከትም። በድልድል የተበደለ ሰው መንገዱ በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ በኩል ነው፦ መጀመሪያ ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያ የአስተዳደር ፍርድ ቤት። የመንግሥት የልማት ድርጅት ሠራተኛ ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሥር ነው።

«ተቋሙ ከሌላ ጋር ተቀላቀለ፣ ዕዳውም ውሉም ቀረ»

አይቀርም። ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ በ2008 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲቀላቀል ተቀማጩም ብድሩም አብሮ ሄዷል። ሲከፈልም ያው ነው። የመብራት ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ ኃይልና አገልግሎት ሲሆን የማንም ቆጣሪ ዕዳ አልተሰረዘም። ጅማ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ1999 የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው የተፈጠረ ነው። ከዚያ በፊት ከሁለቱ የተመረቀ ሰው ዲፕሎማውን አልቀየረም።

«ሥራው ከሰረ፣ ቆልፌ ሄድኩ፣ ድርጅቱ ፈረሰ»

የተቆለፈው በሩ ነው፣ ድርጅቱ መዝገብ ላይ ቆሟል። አዲሱ የንግድ ሕግ ከመክሰር በፊት ለነጋዴ መተንፈሻ ሰጥቷል። ክፍያ ሳያቆም ችግሩን ያየ ነጋዴ በፍርድ ቤት ጥላ ሥር ከባለገንዘቦቹ ጋር ዕዳውን እንደገና ማስተካከል ይችላል። ክፍያ ያቆመውም ንግዱ የሚድን ከሆነ መልሶ የማደራጀት ዕቅድ ማቅረብ ይችላል። ይህን ግን የሒሳብ መዝገብ የሌለው ሰው አያገኘውም። ሒሳቡ በደብተርና በጭንቅላት ከሆነ ለየትኛውም ባለገንዘብ ምን ይታያል?

መዝጋት የቆረጠ ማኅበር ደግሞ ቅደም ተከተል አለው። አባላቱ በቃለ ጉባኤ ይወስናሉ፣ ሒሳብ አጣሪ ይሾማል፣ ባለገንዘብና ሠራተኛ ይከፈላቸዋል፣ ከገቢዎች መሥሪያ ቤት ክሊራንስ (ዕዳ የለበትም የሚል ማስረጃ) ይወጣል፣ ከዚያ ንግድ ፈቃዱ ይመለሳል፣ ከንግድ መዝገብ ይሰረዛል። ክሊራንሱ ይቆያል፣ ያሰለቻል። ፈቃዱን ሳይመልስ የጠፋ ሰው ግን አዲስ ሥራ ሊከፍት ሲመጣ የግብር መለያ ቁጥሩ ሲገባ የድሮው ዕዳ ከነቅጣቱ ስክሪኑ ላይ ይወጣል።