“አይዞኝ”፦ ጭንቀትና ውስወሳ ሲይዝ ከራስ ጋር ማውራት

ሰው ሲጨንቀው “አይዞኝ” ይላል። ሌላውን “አይዞህ” እንደሚለው ራሱንም ያጽናናል። “በሆዴ እንዲህ አልኩ” ስንልም ድምፅ ሳናወጣ ከራሳችን ጋር ማውራታችንን ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በጎ የራስ ንግግር የሚሉት ከዚህ ብዙም አይርቅም። ልዩነቱ፣ ሰውየው በሆዱ የሚለውን ልብ ብሎ እንዲሰማና ሆን ብሎ እንዲመርጥ መለማመዱ ነው።

የጭንቀት ንግግር ፈጣን ነው። “ሰው ፊት ድምፄ ይንቀጠቀጣል”፣ “ልቤ እንዲህ የሚመታው ልሞት ነው” ይላል። ከመፍጠኑ የተነሳ ግምት መሆኑ ይረሳና እውነት ይመስላል።

የዘዴው ታሪክ ሲነሳ ፈረንሳዊው ኤሚል ኩዌ አይቀርም። በ1857 የተወለደ መድኃኒት ቀማሚ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። መድኃኒቱን እያመሰገነ ሲሰጥ ሕመምተኞቹ የተሻለ እንደሚድኑ አስተዋለ። ኋላ ናንሲ ከተማ ሰው ይጎርፍለት ጀመር። ምክሩ አጭር ነበር። ጠዋት ስትነሱና ማታ ስትተኙ “በየቀኑ፣ በሁሉም ነገር፣ እየተሻለኝ ነው” በሉ፤ 20 ጊዜ። ቆጠራው እንዳይጠፋ 20 ቋጠሮ ያለው ገመድ ያዙ። መቁጠሪያ ይዞ ለኖረ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም።

እኔ በበኩሌ ገመዱን እወደዋለሁ፤ ዓረፍተ ነገሩን ግን አላምነውም። ሆድ ሲዋሹት ያውቃል። በ2009 ካናዳ፣ ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ሰዎች “የምወደድ ሰው ነኝ” እያሉ እንዲደጋግሙ ተደረገ። ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸው ትንሽ ደስ አላቸው። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው የሚያዩት ግን ጭራሽ ባሰባቸው። “የምወደድ ነኝ” ባሉ ቁጥር ከውስጥ “ወዴት ወዴት!” የሚል መልስ ሳይመጣባቸው አልቀረም።

እዚያው ዋተርሉ ያስተማረው ዶናልድ ማይከንባውም በ1970ዎቹ የተሻለ መንገድ ይዞ ነበር። ሥራውን በክትባት መስሎታል። ሰውየው ከሚፈራው ነገር በፊት፣ በመሃልና በኋላ ለራሱ የሚለውን ቀድሞ ያዘጋጃል። ከፈተና በፊት፦ “ምን ማድረግ ነው ያለብኝ?” በመሃል፦ “ፈርቻለሁ፣ ይሁን፤ አንድ ጥያቄ ልሥራ፣ ከዚያ ሌላውን።” ሲያልቅ፦ “ከጠበቅኩት ቀለለኝ።” እዚህ ውስጥ ውሸት የለም። ፍርሃቱን አይክድም፣ ሥራውን ያሳያል። በ2014 ደግሞ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያለው ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር አከሉበት። ንግግር ሊያደርጉ የተጨነቁ ሰዎች ራሳቸውን በስማቸው እየጠሩ ሲያወሩ፣ “እኔ” እያሉ ከሚያወሩት የተሻለ ተረጋጉ። “ተይ አንቺ ልጅ፣ ረጋ በይ” ብላ ራሷን የምትገሥጽ ሴት ዩኒቨርሲቲ ሳትገባ አግኝታዋለች።

ውስወሳ ግን ሌላ ነው። ይኸኛው እንዲህ በቀላሉ አይባበልም። በሕክምናው ስሙ ኦሲዲ ነው። ያልተጋበዘ ሐሳብ ይመጣል፤ ሰውየው ሐሳቡን ለማብረድ አንድ ነገር ይደጋግማል። መቆለፍ፣ መታጠብ፣ መቁጠር፣ መጸለይ፣ መጠየቅ። አንዲት ሴት በሯን ቆልፋ ታክሲ ተሳፈረች እንበል። “ቆልፈሻል ግን?” ይላታል ሐሳቧ። “ቆልፌያለሁ” ትላለች። ለሁለት ደቂቃ እፎይ። “እርግጠኛ ነሽ?” አሁንም “ቆልፌያለሁ፣ ቆልፌያለሁ።” አሥረኛው ላይ ወርዳ ትመለሳለች። እዚህ ጋ በጎው ቃል ራሱ የበሽታው ክፍል ሆኗል። የሚያረጋጋው ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ጥርጣሬውን ግን ይቀልበዋል።

ሐሳቡ የሚመጣው ደግሞ በሚወዱት ነገር ነው። ቅዳሴ መሃል የስድብ ሐሳብ፣ አራስ ልጅ ታቅፎ የቢላ ሐሳብ። ሙስሊሞች ወስዋስ ይሉታል፤ ውዱእ ደጋግሞ የሚያደርገውን ሰው ሁሉም ያውቀዋል። ሰዎቹ “እንዲህ ያሰብኩ እኔ ምን ዓይነት ፍጡር ነኝ” ብለው ይሸማቀቃሉ። በ2014 በታተመ ጥናት በ13 አገሮች 777 ተማሪዎች ተጠይቀው፣ 94 በመቶው በሦስት ወር ውስጥ ቢያንስ አንድ ያልተጋበዘ ሐሳብ እንደመጣባቸው ተናግረዋል። ሐሳቡማ ለሁላችን ይመጣል። “አላስበውም” ብሎ መታገልም አያዋጣም። አሜሪካዊው ዳንኤል ዌግነር በ1987 ባሳተመው ሙከራ ተማሪዎችን “ነጭ ድብ እንዳታስቡ” አላቸው፤ ድቡ እየተመላለሰ መጣ።

ታዲያ ምን ይባላል? ሎስ አንጀለስ ያለው ሐኪም ጄፍሪ ሽዋርትዝ በ1990ዎቹ ያስተማረው ንግግር ለሐሳቡ መልስ አይሰጥም፣ ስሙን ይጠራዋል፦ “ይህ ኦሲዲ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።” ከዚያ ለ15 ደቂቃ ያህል ሌላ ሥራ መያዝ ነው። ለውስወሳ ዋናው የንግግር ሕክምና ደግሞ ቪክቶር ማየር በ1966 ለንደን የጀመረው ነው። የሚፈሩትን ይጋፈጡታል፣ ማብረጃውን ግን አይሠሩም። ያቺ ሴት ታክሲው ውስጥ “ቆልፌው ይሆናል፣ አልቆለፍኩትም ይሆናል፤ አልመለስም” ትላለች። ለጆሮ ደስ አይልም። መጀመሪያ ጭንቀቱ ይጨምራል፣ ተደጋግሞ ሲሠራ ግን ጉልበቱ ይደክማል። ይህን ከባለሙያ ጋር መለማመድ ይሻላል፤ ሐኪም የሚያዝዛቸው እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ መድኃኒቶችም አሉ።

በእኛ ቤት ነገሩን የሚያከብደው ቸርነታችን ነው። እናት፣ ባል፣ ንስሐ አባት፣ ሁሉም “አይዞሽ፣ ቆልፈሻል”፣ “አይዞህ፣ ኃጢአት አይደለም” ይላል። የአንድ ጊዜ መልስ ደግ ነው። በቀን አሥር ጊዜ ሲሆን የበሽታውን ሥራ ይሠራለታል። ባለሙያዎች ቤተሰቡን ሌላ ዓይነት መልስ ያለማምዳሉ፦ “ውስወሳው መጣብሽ አይደል? ይህን ጥያቄ ዛሬ አልመልስልሽም። ነይ ቡና እንጠጣ።”