ላንድሮቨር ሲሪየስ፦ ከሻንሲው እስከ ባለሰንሰለቱ

ላንድሮቨር ሲሪየስ የሚባሉት የእንግሊዙ ሮቨር ኩባንያና ተተኪዎቹ ሶሊኸል ፋብሪካ ውስጥ ከ1948 እስከ 1985 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ያመረቷቸው ባለ ባሌስትራ ፎርዊሎች ናቸው። ሲሪየስ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለት ኤ እና ሦስት ተብለው ይከፈላሉ። የሚጠሩበት ቁጥር ማለትም 80፣ 88፣ 109 ምናምን የሚባለው ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል ያለው ርቀት በኢንች ነው። ስለነዚህ መኪናዎች በአማርኛ የተጻፈ ነገር እንደልብ ስለማይገኝ ያለውን እዚህ አሰባስበነዋል። ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ጥንካሬያቸው ነው፣ እሱስ እውነት ነው፣ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው። ላንድሮቨር ገና ሲሰራ ጀምሮ ሌላ ነገር እንዲለጠፍበት፣ እንዲቆረጥና እንዲቀየር ተመችቶ ነው የወጣው።

ነገሩ የጀመረው የሮቨር ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ አንግልሲ ደሴት ላይ ባለው እርሻው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ይነዳ ስለነበረ ነው። ጂፑ ሲያረጅበት በምን ልተካው ብሎ አሰበ፣ እንግሊዝ ሀገር የተሰራ የሚተካው መኪና የለም፣ በቃ ራሳችን እንስራው ተባለ። ወንድሙ ስፔንሰር ዊልክስ የኩባንያው ኃላፊ ስለነበር ነገሩ ብዙ አላስቸገረም። ሞሪስ የመኪናውን ቅርጽ መጀመሪያ ባህር ዳር አሸዋ ላይ ሳለው ይባላል፣ ያው ይባላል ነው። በ1947 የተሰራው የመጀመሪያው ሙከራ የጂፕ ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ሲሆን መሪውም እንደ ትራክተር መሀል ላይ ነበር፣ ወደ ምርት ሲገባ ግን ይሄ ቀረ። ኤፕሪል 30 ቀን 1948 አምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ለህዝብ ታየ።

ከጦርነቱ በኋላ ብረት በኮታ ነበር የሚሰጠው፣ ስለዚህ ቦዲውን ቢርማብራይት ከሚባል የአሉሚኒየም ቅይጥ ሰሩት፣ ለማጠፊያ የሚሆን ውድ ፕሬስ ስላልነበራቸውም ገጽታው ጠፍጣፋ ሆነ። ሻንሲውን ደግሞ ከላሜራ እየቆረጡ በብየዳ እንደ ሳጥን አገጣጠሙት። ያ የችግር ዘመን መፍትሄ ነው እንግዲህ ለኋላው ሁሉ የጠቀመው፦ ጠፍጣፋ ቦዲ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ማንም ጋራዥ ፈቶ የራሱን ሊያስር ይችላል። የመጀመሪያዎቹ አረንጓዴ ቀለም ከአውሮፕላን ፋብሪካ የተረፈ ነው የሚባለውም ብዙ ቦታ ይነገራል።

የመጀመሪያው ባለ 80 ኢንች 1595 ሲሲ ቤንዚን ሞተር ነበረው፣ ጉልበቱ 50 የፈረስ ጉልበት አካባቢ። አየርና ቤንዚን የሚያስገባው ቫልቭ ከላይ፣ ጭስ የሚያስወጣው ደግሞ ጎን ላይ ነው። እስከ 1950 ድረስ ሁሌም ፎርዊል ነበር፣ ግን ወደፊት ጎማ በሚሄደው መስመር ላይ ፍሪዊል የሚባል ነገር ተገጥሞ የፊቱ ጎማ ከኋላው ሲቀድም በራሱ ይለቅ ነበር። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ የፊት ጎማንም እንዲይዝ ከተፈለገ ወለሉ ላይ ያለውን ቀለበት ስቦ መቆለፍ ነው። ብልሃቱ ያምራል ግን ተዉት፣ እንደፈለጉ የሚገባና የሚወጣ ፎርዊል ተተካ።

ከዚያ ሞተሩ 1997 ሲሲ ሆነ፣ በ1954 ባለ 86ና ባለ 107 መጡ፣ በ1956 ሁለቱም ላይ 2 ኢንች ተጨመረና 88ና 109 ሆኑ። 2 ኢንቿ የተጨመረችው በ1957 ለመጣው 2052 ሲሲ ናፍጣ ሞተር ቦታ ለመስጠት ነው። ሲሪየስ ሁለት በ1958 ሲወጣ የሮቨር ንድፍ አውጪ ዴቪድ ባች ጎኑን ወጣ ያለ ጉብታ ሰጠው፣ ቤንዚኑም 2286 ሲሲ ሆነ። ሁለት ኤ ከ1961 ጀምሮ ናፍጣውንም ወደዚሁ መጠን አሳደገ፣ ብዙ አዋቂ ሰው ከሁሉም የሚመርጠው እሱን ነው፣ እኛም አንቃወምም። ሲሪየስ ሦስት በ1971 መጥቶ ማርሹ ሁሉ ሲንክሮ ሆነ፣ ማለትም ሲቀየር ሳይጮህ የሚገባ።

ሹፌሩ ጋ ከዋናው ማርሽ ሌላ ሁለት ነገር አለ፦ ቢጫ እጀታ ያለው ሲጫን ፎርዊል ያስገባል፣ ቀዩ ደግሞ ዝቅተኛውን ማርሽ ያስገባል፣ ቀዩ ሲገባ ፎርዊሉ በራሱ ይገባል። መሀል ላይ ዲፈረንሻል፣ ማለትም የፊትና የኋላ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ ጥርስ፣ ስለሌለ አስፋልት ላይ ፎርዊል አስገብቶ መንዳት ጎማም ካምቢዮም ይጨርሳል። ደካማ ጎኑ ከኋላ ዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ነው፣ በተለይ ጭነት የበዛበት 109 ላይ ይሰበራል። ደግነቱ ጎማ ሳይወልቅ ስድስት ብሎን ፈቶ ዘንጉን መሳብ ይቻላል፣ እስከዚያም ቢጫዋን ተጭኖ በፊት ጎማ ወደ ቤት መግባት። ኋላ ላይ 109 ላይ ሳልዝበሪ የሚባለው ወፍራም የኋላ አክስል ሲገባ ይሄ ጣጣ ቀነሰ። ሌላው ጠላት ዝገት ነው። አሉሚኒየሙ ባይዝግም ብረት ሲነካ እየተበላ ይሄዳል፣ ሻንሲው ደግሞ ከውስጥ ይበሰብሳል፣ በተለይ የኋላው ተሻጋሪ ብረት።

ካምቢዮው ከኋላው ጉልበት ማውጫ አለው። እዚያ ላይ ዘንግ ወይም የቺንጊያ ፑሊ ተገጥሞ መጋዝ፣ መውቂያ፣ የብየዳ ጄኔሬተር ይዞርበታል፣ አነሳሱ ራሱ ለእርሻ ነበርና። ፌይሪ የሚባለው ድርጅት በ1970ዎቹ ያወጣው ኦቨርድራይቭ የሚገጠመውም እዚያው ቦታ ላይ ነው፣ በሁሉም ማርሽ ላይ ይሰራል፣ በተመሳሳይ የሞተር ዙር ፍጥነትን በ28 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። እሱን የገጠመ ሰው ታዲያ ጉልበት ማውጫውን ረሳው ማለት ነው።

ከለውጦቹ ሁሉ የሚገርመው የስኮትላንዱ ከዝበርትሰን በ1950ዎቹ መጨረሻ የሰራው ባለሰንሰለት ነው። መኪናው ሙሉውን ተጨማሪ ፍሬም ላይ ይቀመጣል፣ በአራቱም ጎማ ምትክ እንደ ታንክ ያሉ አራት ለየብቻ የሆኑ የላስቲክ ሰንሰለቶች ይገባሉ፣ የፊቶቹ በመሪ ይዞራሉ። ረግረግ ላይ ሰው እንኳን የሚሰጥምበት ቦታ እንዲሄድ ነው። ሮድለስ ትራክሽን የተባለው ደግሞ ለደን ስራ 109ኙ ላይ የትራክተር ጎማ ገጥሞ ፎረስት ሮቨር ብሎ ጠራው፣ ከሩቅ ሲታይ የልጅ ስዕል ይመስላል ግን ይሰራል። ቪከርስ አርምስትሮንግስ በ1962 ጭቃ ማሳ ላይ መድኃኒት ለመርጨት ብሎ በአየር ትራስ የሚንሳፈፍ ላንድሮቨር ሞከረ።

ወታደሩም አልቀረም። በ1968 ማርሻል ኦፍ ኬምብሪጅ 72 ባለ 109ኞችን ለብሪታንያ ልዩ ኃይል ለውጦ ሰራ፣ በረሃ ላይ ንጋትና ምሽት እንዳይታዩ ሮዝ ተቀቡና ፒንክ ፓንተር ተባሉ። በዚያው ዓመት ምርት የጀመረው ላይትዌት የተባለው 88 ደግሞ በሄሊኮፕተር ተንጠልጥሎ እንዲሄድ ቦዲው የሚፈታ ነው፣ ሁሉም ነገር ተመልሶ ሲገጠምለት ግን ከሲቪሉ ይከብዳል! ለሽርሽር የማርቲን ዋልተር ዶርሞቢል አለ፣ ጣሪያው በአንድ ጎን ተከፍቶ መኝታ ይሆናል። ካርማይክል የእሳት አደጋ መኪና ይሰራ ነበር። ቤልጅግ ውስጥ ሚነርቫ፣ ስፔን ሊናሬስ ላይ ሳንታና በፈቃድ አምርተዋል። የሳንታናው ባለ ስድስት ሲሊንደር 3429 ሲሲ ሶሊኸል ራሱ ያልነበረው ሞተር ነው።

ዛሬ በየጋራዡ የሚሰራው ለውጥ በአብዛኛው ሞተር መቀየር ነው። ተወዳጁ በ1989 ከወጣው የላንድሮቨር ዲስከቨሪ የሚወሰደው 200ቲዲአይ ነው፣ 2.5 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ፣ 111 የፈረስ ጉልበት። ይገባል፣ ግን የድሮው ካምቢዮ የለመደው ከ70 ብዙም የማይዘል ጉልበት ስለሆነ የነዳጅ ፔዳሉን ዝም ብሎ መርገጥ አይደለም። ዲፈረንሻሉ 4.7 (ዘንጉ 4.7 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ) ሆኖ ከቀረ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይሄድም፣ ስለዚህ ከሬንጅሮቨር ወይም ከዲስከቨሪ የወጣ 3.54 ይገባለታል፣ ኦቨርድራይቭ ካለም ያኔ አያስፈልግም። ፍሬኑ ሳይነካ ይሄን ሁሉ የሚያደርግ ሰው አለ፣ እኛ አንመክርም፦ 88 ላይ ያለው 10 ኢንች ታምቡር ለዚህ ፍጥነት አልተሰራም፣ ቢያንስ የ109ኙ 11 ኢንች ይግባ።