ስፕሊት ፔር ምንድን ነው?

«የሽቦው ቀለም ለውጥ የለውም፤ ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ከሆነ ይሠራል።» ባለፈው ሳምንት ስለ ኔትወርክ ኬብል ይህን እንደገና ሰማሁት። የተናገረው ልጅ ክሪምፐር (ሽቦውን ከመሰኪያው ጋር የሚያጣብቅ መቆንጠጫ) ይዞ የሚውል ባለሙያ ነው። ሌሎችንም ያስተምራል። ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ግማሹ እውነት ነው። ኤሌክትሪክ ቀለም አያይም። ኬብሉ ውስጥ ያሉት ስምንት ሽቦዎች ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ አራት ጥንዶች ናቸው። ብርቱካናማውን ጥንድ በአረንጓዴው ጥንድ ብትተኩት ምንም አይሆንም። ሁለቱ መደበኛ የሽቦ አደራደሮች፣ ቲ568ኤ እና ቲ568ቢ፣ የሚለያዩትም በዚሁ ብቻ ነው። ጥንዱን ከነጓደኛው ማዛወር ይቻላል። ጥንዱን ማፋታት ግን አይቻልም። ስፕሊት ፔር የሚባለው ይህ ፍቺ ነው፦ አንድ ሲግናል አብረው ባልተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች ላይ ሲሄድ።

አርጄ45 በሚባለው የኬብሉ ጫፍ መሰኪያ ላይ ጥንዶቹ በቦታ ቁጥራቸው 1 ከ2፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5፣ 7 ከ8 ናቸው። ሰውን የሚያሳስተው የ3 እና የ6 መራራቅ ነው። ነገሩ ከስልክ የመጣ ነው፤ መሃሉ ለመጀመሪያው የስልክ መስመር ተያዘ፣ ሁለተኛው ጥንድ ግራና ቀኙን ያዘ። ያ ልጅ ግን ቀለም ከቀለም አጠገብ ይደረድራል፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ። ለዓይን ያምራል። 3 ላይ ግን ነጭ አረንጓዴ፣ 6 ላይ ሰማያዊ ገባ። 4 እና 5ም ተበላሹ።

ጥማድ በሬ አስቡ። በአንድ ጥንድ ውስጥ አንዱ ሽቦ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ተቀባዩ የሚያነበው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ልክ አራሹ የበሬዎቹን ፍጥነት ትቶ ቀንበሩ ወደየት እንዳዘነበለ ብቻ እንደሚያይ። ጭቃ ቢመጣ ሁለቱንም እኩል ያዘገያል፤ ቀንበሩ አይዛባም። ጭቃው ከውጭ የሚመጣ ረብሻ ነው። ሽቦዎቹ የሚጠማዘዙት ጭቃው ለሁለቱም እኩል እንዲደርስ ነው። አሁን አንዱን በሬ ከሌላ ጥማድ አምጥታችሁ ቀንበር አድርጉበት። አንዱ ጭቃ ውስጥ፣ አንዱ ደረቅ መሬት ላይ ይሆናል። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ በሬው በገመድ ከድሮ አጣማጁ ጋር እንደታሰረ መሆኑ ነው። የድሮ አጣማጁ በተራመደ ቁጥር ይጎትተዋል። ነጭ አረንጓዴው ከአረንጓዴው ጋር ተጠማዞ ነው የሚጓዘው፤ አረንጓዴው ግን አሁን የሌላ ሲግናል ነው። ስለዚህ የአንዱ ጥንድ ሲግናል ወደ ሌላው ይሾልካል።

«ቴስተሩ ከ1 እስከ 8 በተራ በራ እኮ» አለኝ። ይበራል! የመብራት ቴስተር የሚያየው ሽቦው ከዚህ ጫፍ እዚያኛው ጫፍ መድረሱን ብቻ ነው። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተጠማዘዘ አያውቅም። በሁለት ሜትር ኬብል ላይም ምንም ላይታይ ይችላል። 40 ሜትር ስትዘረጉት ግን ካሜራው ይቆራረጣል፣ ፋይል ማስተላለፉ ይንቀራፈፋል፣ ስዊቹ (ኬብሎቹ የሚሰኩበት ማከፋፈያ) ጊጋቢት (1000 ሜጋቢት) እምቢ ብሎ ወደ 100 ሜጋቢት ይወርዳል። ከዚያ ጥፋቱ በኢንተርኔት አቅራቢው ይሳበባል። የ100 ሜጋቢቱ መስመር የሚጠቀመው 1 ከ2 እና 3 ከ6ን ብቻ ነው፤ ተሰንጥቆ የተበላሸው ደግሞ ይኸው 3 ከ6 ነው። ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ስለሚፈልግ የባሰ ይጎዳል።

አደራደሩን ያስተካከለ ሰውም ይሳሳታል። ለመደርደር እንዲመቸው ጥምዝምዙን አምስት ሳንቲ ሜትር ይፈታዋል። ካት 5ኢ ለሚባለው የኬብል ደረጃ የሚፈቀደው 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ገበያ ላይ ያለው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ኬብልም ሌላ ጣጣ አለው። በተለይ በዚያው ኬብል ለካሜራ ኃይል የምትልኩ ከሆነ ይሞቃል፣ ረጅም መስመር ላይም ቮልቴጁ ይወርዳል። አደራደራችሁ ትክክል ቢሆንም ከዚህ አያድናችሁም።

ቲ568ቢ ይህ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በራሳችሁ አደራደር የሠራችሁት መስመር ካለ ሁለቱንም ጫፍ ቆርጣችሁ እንደገና ክሪምፕ አድርጉ። ግድግዳ ውስጥ ያለውን ኬብል መቀየር አያስፈልግም።