የአልቫራዶ ስኮር ምንድን ነው?

የአልቫራዶ ስኮር፣ ሆዱን ያመመው ሰው ትርፍ አንጀቱ ታሞ እንደሆነ ለመገመት ምልክቶቹንና የደም ምርመራውን በነጥብ የሚደምር ዘዴ ነው። «አልቫራዶው 7 ከሆነ 70 በመቶ ትርፍ አንጀት ነው ማለት ነው።» ይህን አባባል ደጋግሜ ከማየቴ የተነሣ ዝም ማለት አልቻልኩም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ጨመረበት፤ ሲቲ ስካን 95 በመቶ ትክክል ነው፣ አልቫራዶ ግን 70፣ ስለዚህ ጊዜው ያለፈበት የድሃ አገር ዘዴ ነው አለ። ሁለቱም አባባሎች የሚመነጩት ከአንድ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም በሽተኛ ይጎዳል።

ስኮሩን ያወጡት አልፍሬዶ አልቫራዶ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ጥናት በትርፍ አንጀት ሕመም ተጠርጥረው ፊላደልፊያ ውስጥ ሆስፒታል በተኙ 305 ሰዎች ላይ የተመሠረተ ነበር። የሕመሙ ከእምብርት አካባቢ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ መዛወር፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማስታወክ፣ ሆድን ተጭነው ሲለቁ የሚሰማ ሕመም፣ የሰውነት ሙቀት መጨመር እና ኒውትሮፊል የተባለው የነጭ ደም ሴል ዓይነት ድርሻ ከፍ ማለት 1፣ 1 ነጥብ ይይዛሉ። የቀኝ ታችኛው ሆድ ሲጫኑት ማመሙ እና የነጭ ደም ሴል ከ10 ሺህ መብለጡ ደግሞ 2፣ 2 ነጥብ አላቸው። ድምሩ 10 ነው።

ሰውን ያሳሳተው ይህ 10 ነው። ከ10 የታሰበ ነገር ሁሉ በመቶኛ የሚነበብ ይመስላል። ነገር ግን በሽታው የመኖሩ ዕድል በምልክቶቹ ብቻ አይወሰንም፤ በሽተኛው ማን እንደሆነም ይወስነዋል። የ22 ዓመት ወንድና የ22 ዓመት ሴት እኩል 7 ቢያገኙ ዕድላቸው እኩል አይደለም። ስኮሩ በሴቶች ላይ ከእውነታው አብዝቶ እንደሚገምት በርካታ ጥናቶች አንድ ላይ ሲመዘኑ ታይቷል። ከማሕፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝናም ሆነ የእንቁላል እጢ መጠምዘዝ ያንኑ ቦታ ያማል። የእርግዝና ምርመራ ሳይሠራላት ነጥብ የተቆጠረላት ወጣት፣ በእኔ እምነት ገና አልተመረመረችም።

ስኮሩ ወንፊት ነው። የቀዳዳውን ስፋት የምንመርጠው እኛ ነን። መስመሩን 5 ላይ ስናሰምር ወንፊቱ ጠባብ ነው፤ ትርፍ አንጀታቸው በትክክል ከታመመ 100 ሰዎች 99 ያህሉን ይይዛል። ስለዚህ ከ5 በታች ያገኘውን ሰው፣ ሕመሙ ከባሰበት እንዲመለስ በጥብቅ ነግሮ ወደ ቤቱ መሸኘት ይቻላል። መስመሩ ወደ 7 ሲወጣ ቀዳዳው ይሰፋል። ያም ሆኖ ሕመሙ ከሌለባቸው 100 ሰዎች 19 ያህሉ ወንፊቱ ላይ ይቀራሉ። ወንፊት ላይ የቀረ ሁሉ ፉርሽካ አይደለም፤ የጓጎለ ዱቄትም አብሮ ይቀራል፤ በጣት እያነሡ መለየት ያስፈልጋል። ያ የጣት ሥራ የአልትራሳውንድና የሲቲ ስካን ነው። ወንድሜ አስተያየት ሰጪ፣ ወንፊቱን ከጣት ጋር አወዳድረህ ወንፊቱን ጣልከው። ታዲያ ኩንታሉን ሁሉ በጣት እንልቀመው? ሆዱን ያመመውን ሁሉ፣ ሕፃኑንም ነፍሰ ጡሯንም፣ ሲቲ ስካን ውስጥ እናስገባ?

በአንጻሩ ስኮሩን ብቻ ይዘው ቢላዋ የሚያነሡም ተሳስተዋል። የዓለም አቀፉ የድንገተኛ ቀዶ ጥገና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው የኢየሩሳሌም መመሪያ፣ በአዋቂዎች ላይ በሽታው አለ ብሎ ለማረጋገጥ አልቫራዶን መጠቀም አይመከርም ብሏል። የለም ለማለት ግን ይጠቅማል።

አልትራሳውንድን ካነሣን አይቀር፣ «ትርፍ አንጀቱ አልታየም» የሚል ውጤት «ትርፍ አንጀቱ ጤነኛ ነው» ማለት አይደለም። አንጀት ውስጥ የታጨቀ አየር፣ ወፍራም ሆድ፣ ያልተለማመደ እጅ ሊሸፍነው ይችላል። ነጥቡ 8 ሆኖ አልትራሳውንዱ ምንም አላየም ከተባለ፣ ጥርጣሬው ባለበት ነው፤ በሽተኛው ቤቱ አይሄድም።

በየጤና ተቋሙ የማየው ሌላ ችግር አለ። ላቦራቶሪው የነጭ ደም ሴሎችን በዓይነት ለይቶ የማይቆጥር ከሆነ የኒውትሮፊሉ ነጥብ ይቀርና ድምሩ 9 ይሆናል። ይህ የተሻሻለው አልቫራዶ ይባላል። ከ9 የተገኘን 6 ከ10 እንደተገኘ 6 አድርጎ ማንበብ ግን በሽተኛን አቃሎ ማየት ነው። አረጋውያንና የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎች ደግሞ ትርፍ አንጀታቸው ፈንድቶ እንኳ ነጭ ደም ሴላቸው ላይጨምር ይችላል።

ደግሞም ነጥቡ የአንድ ሰዓት ፎቶ ነው። ሌሊት 4 የነበረ ሲነጋ 7 ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ የተጠራጠሩትን አስተኝቶ፣ ያው ሐኪም በዚያው እጁ ደግሞ ነክቶ መቁጠር ያስፈልጋል። «ምልክቱ ይጠፋብናል» ብሎ እስከዚያ የሕመም ማስታገሻ መከልከል ግን መሠረት የለውም፤ ማስታገሻ መስጠት የተሳሳተ ውሳኔን እንደማያበዛ ተጠንቷል። መርፌውን ወስዶ ይቆጠርለት።