ተማሪን ራሱን እንዲመራ ማስተማር፦ የጎንደር የአብነት ልማድና የዛሬው ክፍል

ራስን የመምራት ክህሎት በሚል የሚጠሩት የአእምሮ ችሎታዎች በዋናነት ሦስት ናቸው፦ የሰሙትን በአእምሮ ይዞ መሥራት፣ የቸኮለ መልስን ወይም ስሜትን መግታት፣ ሁኔታው ሲለወጥ አስተሳሰብን መቀየር። ዕቅድ ማውጣትና የጀመሩትን መፈጸም በእነዚህ ላይ ይገነባሉ። ከፊተኛው የአንጎል ክፍል ጋር የተያያዙ ሲሆን እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ይዳብራሉ። ስለዚህ የ10 ዓመት ልጅ ደብተሩን ረስቶ ቢመጣ ሰነፍ ብሎ መደምደም ፍርደ ገምድልነት ነው።

ጎንደር ውስጥ በአብነት ማለትም በቤተ ክርስቲያን ባህላዊ ትምህርት ቤቶች ነገሩ ስም ሳይወጣለት ሲሠራበት ኖሯል። የንባብ ቤት መምህር ከ«ሀ ሁ» ቀጥሎ አቡጊዳ የሚያስቆጥረው በከንቱ አይደለም። ልጁ «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ ሸምድዶ ፊደሉን ሳያይ ሊወጣው ይችላል፤ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ሲመጣ ግን ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው ስለሚለወጥ የለመደውን ገትቶ ማየት ግድ ይሆንበታል። በቅኔ ቤት ሸክሙ ይጨምራል። ተማሪው የሌላውን መድገም ሳይሆን የራሱን አዲስ ቅኔ መቁጠር፣ ማለትም መድረስ አለበት፤ ሁለት ቤት (ስንኝ) ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ እስኪደርስ ልኩን፣ ዜማውን፣ ሰሙንና ወርቁን ያለ ወረቀት ይዞ ይውላል። በአቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያና በከበሮ በሚታጀበው ዝማሬ፣ ምስክርነቷ በምትታወቀው በጎንደር በዓታ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ያው ቀለም (የሚዜመው ቃል) ዝማሜ፣ መረግድና ጽፋት በተባሉ የአዘማመር ስልቶች እየተለዋወጠ ይባላል። ከበሮ መቺው ዜማው ካልደረሰ እጁን ይይዛል። ከዚህ የበለጠ የመግታት ልምምድ አለ ለማለት ይከብዳል።

የመደበኛ ትምህርት ቤት መምህር ከዚህ የሚወስደው ሸክምን በደረጃ መጨመርን ነው። ትእዛዝን አንድ በአንድ መስጠትና ሰሌዳ ላይ መተው፣ ከጥያቄ በኋላ ጥቂት ሰከንድ ዝም ብሎ መጠበቅ፣ ረጅም የቤት ሥራን ከተማሪው ጋር ከፋፍሎ «መጀመሪያ የቱን ትሠራለህ?» ብሎ መጠየቅ፣ ልጁ ሲጠነክር ድጋፉን ማንሳት፤ ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም።

የማስታወስ ጨዋታዎች ብቻቸውን የሒሳብ ወይም የንባብ ውጤት ያሻሽላሉ መባሉ አከራካሪ ነው፤ ብዙ ጥናቶች መሻሻሉ በአብዛኛው በተለማመዱት ጨዋታ ላይ እንደሚቀር አሳይተዋል። ልምምዱን ከትምህርቱ ጋር አብሮ መስጠት ሳይሻል አይቀርም። የቅኔ ቤቱም ብልሃት ይኸው ነው።

የአብነት መምህሩ አለንጋ ግን ከውርሱ አይወሰድም። በፍርሃት የተጨነቀ ልጅ የያዘው ቀለም እንኳ ከአእምሮው ይጠፋበታል።