«አት-ላርጅ» ወንበር ምንድን ነው? ተመጣጣኝ ውክልና ግን አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «የምክር ቤት ወንበሮቹ አት-ላርጅ ቢሆኑ ሁሉም በድምፁ ልክ ይወከል ነበር» ብሎ ጻፈ። ስንተኛው እንደሆነ እንጃ፤ የዛሬውን ማለፍ ግን አላስቻለኝም።

አት-ላርጅ ማለት ስቴቱ (የአሜሪካ ክፍለ ግዛት) ወይም ከተማው በምርጫ ክልል ሳይከፋፈል በሙሉ አንድ ላይ ይመርጣል ማለት ነው። በቃ። ድምፅ እንዴት ወደ ወንበር እንደሚለወጥ ቃሉ ምንም አይልም።

እድር አስቡ። መቶ አባወራ አለ፤ 60ው ላይ ሰፈር፣ 40ው ታች ሰፈር። አምስት የኮሚቴ አባላት ይመረጡ ተባለ። እያንዳንዱ አምስት ስም ይጽፋል፤ ሁሉም የሰፈሩን ሰው ይመርጣል። የላይ ሰፈር አምስቱ ስልሳ ስልሳ ድምፅ፣ የታቾቹ አርባ አርባ። ውጤቱ 3 ለ 2 መሰላችሁ? 5 ለ 0 ነው። ከዚያ ድንኳኑ ላይ ሰፈር ያድራል፤ ድስቱም፣ አግዳሚውም። ታች ሰፈር ለቅሶ ሲደርስ ዳገት ወጥቶ መሸከም ነው።

የአሜሪካ ኮንግረስ ይህ ስለገባው በ1842 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) እያንዳንዱ ተወካይ ከራሱ የምርጫ ክልል ይመረጥ ብሎ ደነገገ። ጆርጂያ፣ ሚሲሲፒ፣ ሚዙሪና ኒው ሃምፕሸር አሻፈረን አሉ። ተወካዮቻቸው ግን ወንበራቸውን አላጡም! ግዴታው ከዚያ ወዲህም አንዴ ሲመጣ አንዴ ሲቀር ኖረ፤ በ1932 ሚኒሶታ 9ኙንም ተወካዮቿን በጅምላ መርጣለች። የዛሬው ክልከላ የ1967 ነው።

የስቴት ምክር ቤት ከተባለ ደግሞ የ1964ቱን ኢሊኖይ የሚያህል የለም። አዲሱ የምርጫ ክልል ካርታ አገረ ገዥው ኦቶ ከርነር ውድቅ አደረጉት፤ ኮሚሽን ቢቋቋምም አልተስማማም። ስለዚህ 177ቱም የታችኛው ምክር ቤት አባላት በመላው ስቴት ተመረጡ። የድምፅ መስጫው ወረቀት 84 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ሰዉ «አንሶላው» አለው። ዴሞክራቶች 118 አቀረቡ፣ 118ቱም አለፉ። ሪፐብሊካኖች 59 ቀራቸው። ያቺም የተገኘችው አንድ ፓርቲ ከ118 በላይ እንዳያቀርብ አስቀድሞ ገደብ ስለተጣለ ነው እንጂ አት-ላርጅ ስለራራ አይደለም።

«ዋዮሚንግና ቨርሞንትስ?» ትሉኝ ይሆናል። እነሱ በኮንግረሱ የታችኛው ምክር ቤት ያላቸው አንድ ወንበር ብቻ ነው፤ ምኑ ይከፋፈላል? ደግሞም መራጩ ድምፁን ለአንድ እጩ መደራረብ ከተፈቀደለት ስሌቱ ይለወጣል። ያ ግን የድምፅ አሰጣጡ ሥራ ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ ላላችሁ፦ ሊቀ መንበሩን ጨምሮ የከተማው ምክር ቤት አት-ላርጅ አባላት አምስት ናቸው። ከአንድ ፓርቲ ከሦስት በላይ መሆን በሕግ ተከልክሏል። ያው የኢሊኖይ ዓይነት ገደብ መሆኑ ነው። ፓርቲውን ትቶ «የግል ነኝ» ብሎ መወዳደርን ግን አይከለክልም።