የባህር ይገባኛል ጥያቄ (ማሪታይም ክሌም)፦ ከብራስልስ ስምምነት እስከ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ

ማሪታይም ክሌም የሚባለው ከመርከብ ጋር ተያይዞ የሚነሳ የገንዘብ ወይም የንብረት ጥያቄ ነው። ዕቃ ጠፋ፣ ረጠበ፣ መርከብ ከመርከብ ተጋጨ፣ የመርከበኛ ደሞዝ ተያዘ፣ ነዳጅ የሞላው ሰው ሂሳቡን አላገኘም፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባል። በ1952 እ.ኤ.አ ብራስልስ ላይ የተፈረመው ስምምነት 17 ዓይነት ጥያቄ ይዘረዝራል፣ በ1999 እ.ኤ.አ ጄኔቫ ላይ የወጣው ደግሞ ወደ 22 አድርሶታል። ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ጥያቄ ያለው ሰው መርከቧ ቆማ ባለችበት ወደብ ፍርድ ቤት ሄዶ ያሳግዳታል፣ ባለመርከቡ የባንክ ጋራንቲ ወይም ሌላ ዋስትና እስኪያቀርብ ድረስ ንቅንቅ አትልም ማለት ነው።

እኛ ጋ የባህር ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም ነው፣ ምፅዋና አሰብ በእጃችን በነበሩበት ጊዜ። በኋላ የመልቲሞዳል አዋጅ ቁጥር 548/1999 መጣ፣ ዕቃው ከመርከብ ወርዶ በመኪና ወይም በባቡር እስከ ደረቅ ወደብ በአንድ ውል ሲጓዝ ማን ተጠያቂ እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው።

ወሎ ባህር ባይኖራትም ከባህር ንግድ ርቃ አታውቅም። ጣልያን በወረራው ዘመን ከአሰብ በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻና ደሴ ያስገባው መንገድ ለረጅም ጊዜ የአገር ዕቃ የተመላለሰበት ነው። አሁን ደግሞ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አላት፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩም እዛው ነው፣ ስለዚህ ብዙ ክሌም መጀመሪያ የሚታየው ኮምቦልቻ ላይ ኮንቴነር ሲከፈት ነው።

እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከመከፈቱ በፊት የሲሉ (የኮንቴነሩ በር ማሸጊያ) ቁጥር ቢል ኦፍ ሌዲንጉ (የባህር ጭነት ሰነዱ) ላይ ካለው ጋር ይመሳከራል፣ ሲሉ ተቆርጦ ከሆነ ወይም ከቁጥሩ አንዷ ከተለየች ፎቶ ይነሳል፣ በር ስር የውሃ ምልክት፣ ጣራው ላይ የዝገት ቀዳዳ ካለም እንደዛው፣ ከዛ ርክክብ ወረቀቱ ላይ ጉዳቱ ሳይጻፍ መፈረም የለበትም። ዕቃ በባህር ስለማጓጓዝ በወጣው በ1924ቱ (እ.ኤ.አ) የሄግ ደንብ መሰረት የሚታይ ጉዳት እዛው በርክክብ ላይ፣ የማይታይ ከሆነ ደግሞ በ3 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ነው፣ ክሱ በ1 ዓመት ካልቀረበ ይዘጋል። የካሳውም ጣሪያ አለው፣ በተሻሻለው የሄግ ደንብ (ሄግ ቪዝቢ) በጥቅል 666.67 ኤስዲአር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት፣ አይኤምኤፍ፣ የሂሳብ መለኪያ) ወይም በኪሎ 2 ኤስዲአር፣ የበለጠው ይወሰዳል። ቢሉ ላይ «1 ኮንቴነር» ብቻ ከተጻፈ ሙሉው እንደ አንድ ጥቅል ይቆጠራል፣ «400 ካርቶን» ተብሎ ከተዘረዘረ ግን 400 ጥቅል ነው። የደሴና የኮምቦልቻ ነጋዴ ገና ዕቃው ሳይጫን ላኪውን ይህንን አስጽፍ ማለት አለበት።

በአገሮች መካከል ያለው የባህር ክልል ጥያቄ ሌላ ነው፣ የሚገዛው በ1982ቱ (እ.ኤ.አ) የተመድ ስምምነት ሲሆን ኢትዮጵያ ፈርማ አላፀደቀችውም። ስምምነቱ ወደብ አልባ አገር ወደ ባህር የመተላለፍ መብት አለው ይላል፣ አፈጻጸሙን ግን ለጎረቤታሞች ስምምነት ይተወዋል። የአሰብ ጉዳይ በሕግ ተዘግቷል አልተዘጋም በሚለው ላይ ክርክሩ እንዳለ ነው፣ አሰብ የወሎ የተፈጥሮ በር መሆኗ ግን ካርታ ያየ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በ1990 ዓ.ም ጦርነቱ ሲነሳ አሰብና ምፅዋ ላይ ለቀረው ንብረት ኢትዮጵያ ካሳ ጠይቃ ነበር፣ የኢትዮጵያ ኤርትራ የካሳ ኮሚሽን በታህሳስ 1998 ዓ.ም ውድቅ አደረገው። ከጦርነቱ ወዲህ የኮምቦልቻ ኮንቴነር የሚመጣው ከጅቡቲ በጋላፊና በሚሌ ነው።